የጀልባው ሞተርና የኋለኛው ክፍል

ውድ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ፣ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትይዣለሽ ወይስ ሐኪሙ የሰጠሽ ቅባት ረዳሽ? ጋሼስ ደህና ናቸው? ሳሉ ለቀቃቸው? እማማስ እንዴት ናት? መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ መነጽሬን ማን ወሰደው እያለች ቤቱን ማመስ ተወች? ልጅሽ ድንቡሼስ አደገልሽ? እዚህ ላይ እኔም ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ ብዬ መቀጠል እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ወጉ እንዲያ ነው። ግን አንቺን መዋሸት አልችልበትም። ከናፍቆታችሁ ሌላ አንድ ጀልባ፣ አንድ ሞተርና አንድ ባል አሉብኝ።

በመጨረሻው ደብዳቤሽ ስለ ኋለኛው ክፍል ጠይቀሽኛል። ጠርገሽ፣ ቀለም አስቀብተሽ፣ አልጋውን በመስኮቱ በኩል አድርገሽ እንደምትጠብቂኝ ሳነብ እንባዬ መጣ። አንዲት አስተማሪ ክፍሉን አከራዪኝ እያለች እየተመላለሰችብሽ መሆኑንም ጽፈሻል። «ባልሽን ትተሽ የምትመጪ ከሆነ አልሰጣትም፤ የማትመጪ ከሆነ ግን የሰው ልጅ አላጉላላም፣ ቁርጡን ንገሪኝ» ነው ያልሽው። እውነትሽን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እተወዋለሁ፣ እመጣለሁ እያልኩ ስጽፍልሽ አንቺ ሆነሽ ነው የቻልሽኝ። ቁርጡን ዛሬ እነግርሻለሁ። በፊት ግን የሞተሩን ነገር ስሚልኝ፤ ያለሱ መልሴ አይገባሽም።

ይህ የእህትሽ ባል ዋና እንደማይችል ታውቂያለሽ። ውኃ ፊቱን የሚነካው ሲታጠብ ብቻ ነው። ታዲያ ባለፈው በጋ፣ በዕቃ ማከማቻው አብሮት የሚሠራ አንድ ጮሌ አሮጌ ጀልባውን ሊገላገል ሲፈልግ ማንን አገኘ? የኔን ጉድ። ከእንቅልፌ ተነስቼ ብወጣ ጀልባውን ከነተጎታቹ በራችን ላይ አቁሞ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ ሚኒስትር የተሾመ ይመስል ተንጠራርቶ ቆሟል። ምን ልታደርግበት ነው ስለው «ሐይቁ እዚህ ነው፣ እኛም እዚህ ነን፣ ታዲያ ምን ይጎድለናል?» አለኝ። ልብ በይ፣ ሐይቁን እስከዚያ ቀን ድረስ የሚያየው ከአውቶቡስ መስኮት ነበር። በጋውን ሙሉ ሦስት ጊዜ ወጣ። ሁለቱን እየቀዘፈ ተመለሰ፣ በሦስተኛው ሰዎች ጎትተው አመጡት። ሞተሩ ተበላሽቶበት ነው ብለሽ እንዳታዝኚለት፤ ቤንዚን መሙላት ረስቶ ነው።

የሚያሳርረኝ ግን ጀልባው ብቻ አይደለም። ምን ብትነግሪው መልሱ «አውቃለሁ» ነው። ዝናብ እየመጣ ነው ስትይው አውቃለሁ፣ ሹራብህን ገልብጠህ ለብሰሃል ስትይው አውቃለሁ። ካወቅክ ለምን ገልብጠህ ለበስከው? ደግሞ እኔ የሌሊት ሥራ ከገባሁ ወዲህ አንድ አዲስ አመል አምጥቷል። እንደምታውቂው ሌሊቱን ሙሉ የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ አድሬ የምተኛው ጠዋት ነው። እሱ ታዲያ በእረፍት ቀኑ ቤት ሲውል በካልሲ ነው የሚሄደው፣ በገዛ ቤቱ እንደ ሌባ። የማንቆርቆሪያውን ፉጨት ነቅሎ ጣለው። የበሮቹን ማጠፊያ ሁሉ ዘይት ቀባቸው። ሲያስነጥሰው እንኳ ትራስ ውስጥ ገብቶ ነው የሚያስነጥሰው። ኮቴ የሌለው ወንድ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዞር ስል ከኋላዬ ቆሞ እያገኘሁት ስንት ጊዜ ክው ብያለሁ መሰለሽ። ጥፋት ያለበት ሰው አካሄድ ነው እያልኩ በሆዴ እንቀው ነበር።

እንግዲህ ብርዱ ገባ። እዚህ ብርድ ሲገባ ጀልባ ከውኃ ይወጣል፤ ሞተሩም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሆዱ ውስጥ የቀረው ውኃ በረዶ ሲሆን ብረቱን ይሰነጥቀዋል። ስለዚህ ከመቀመጡ በፊት በደረቅ መሬት ላይ አስነስተው ውስጡን በንጹሕ ውኃ ያጥቡታል፣ ዘይቱን ይለውጡለታል፣ የቀረችውንም ቤንዚን አቃጥለው ይጨርሷታል። ይህን የነገረን ጎረቤታችን ካፒቴኑ ነው። ካፒቴን የምንለው ለኮፍያው ነው እንጂ ካፒቴን ሆኖ አያውቅም። ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ሐይቁን በምታቋርጠው መርከብ ላይ ቲኬት ሲቆርጥ ነው የኖረው። ስለ ሞተር ያለው ዕውቀትም የገዛ ሞተሮቹን እያከታተለ ገድሎ ያገኘው ነው። አሁን ሥራው አጥር ላይ ተደግፎ ሰው ሲያርም መዋል ነው። የኔው አውቃለሁ ባይና ያ ላስተምርህ ባይ ሲገናኙ ማየት ነበረብሽ፤ ሁለት ደንቆሮዎች ሲጨዋወቱ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ባሌ ሞተሩን ከጀልባው ፈትቶ፣ ራሱ በጠረበው የእንጨት ማቆሚያ ላይ ግቢያችን መሐል አሠረው። ካፒቴኑ «ውኃ ሳታገናኝ እንዳታስነሳው» የሚለውን ገና ከአፉ ሳይጨርስ «አውቃለሁ» ብሎ ገመዱን ሳበ። እኔ ከሥራ ገብቼ ዓይኔን መክደኔ ነው። ጩኸቱ አልጋዬን አንቀጠቀጠው። ይህ ዓይነቱ ሞተር፣ እትዬ፣ የሚቀዘቅዘው የቆመበትን ውኃ እየሳበ ነው፤ በደረቁ ከተነሳ ውኃ የምትስብለት የጎማ ቁራጭ ብዙም ሳትቆይ ትቃጠላለች። ተቃጠለች። መስኮቱን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። ካፒቴኑ አጥሩን ለመዝለል አንድ እግሩን ሰቅሎ «አጥፋው! አጥፋው አንተ ሰውዬ!» እያለ ይጮኻል፤ የኔው ሊቅ ደግሞ «አይዞህ፣ ቀለሙ ነው የሚሸተው፣ አዲስ ሲሆን እንደዚህ ነው» ይለዋል። አዲስ! ሞተሩ የኔ እኩያ ቢሆን ነው።

በሳምንቱ ሌላ የጎማ ቁራጭ ገዝቶ አስገባ። ካፒቴኑም ከቤቱ ሁለት የጎማ ጆሮ የሚመስል ዕቃ አምጥቶ አዋሰው። ጆሮዎቹ ሞተሩ ውኃ በሚስብባቸው ቀዳዳዎች ላይ ከግራና ከቀኝ ይገጠማሉ፣ አትክልት የምናጠጣበት ጎማ ደግሞ ከነሱ ጋር ይያያዛል። ቧንቧው ሲከፈት ሞተሩ ሐይቅ ውስጥ ያለ መስሎት ይጠጣል። በጎኑ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ ውኃ እየተፋ ከታየ ደህና ነው፤ መትፋቱን ካቆመ ወዲያው መጥፋት አለበት። ይህን ካፒቴኑ በስንት ልፋት አስረዳው። ባሌም ጆሮዎቹን ገጠመ፣ ውኃውን ከፈተ፣ እኔም በመስኮት እያየሁ ዛሬስ ሰው ሆነ ልል ነበር። ማርሹን ግን አላየም። ገመዱን ሲስበው ማርሹ ገብቶ ኖሮ ጀልባውን የሚገፋው ፕሮፔለር ከታች እንደ እብድ መሽከርከር ጀመረ። ማቆሚያው ወደ ልብስ ማስጫው ዘመመ፤ የተሰጣው የሥራ ቀሚሴ እጅጌው ተይዞ ተጠቀለለ። ጆሮዎቹ ተስፈንጥረው ወደቁ፣ ጎማውም እንደ እባብ ተገልብጦ የካፒቴኑን ኮፍያ በውኃ አጥቦ ጣለው። ባሌ ቀሚሴን አድናለሁ ብሎ እጁን ሲሰድ ካፒቴኑ ሞተሩን ባያጠፋው ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ሌላ ደብዳቤ ነበር።

ያን ጊዜ የኔም ትዕግሥት አለቀ። በመስኮቱ ወጥቼ ልወድቅ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ ጮህኩበት። «ሁለተኛ በዚህ ነገር ድምፅ ከእንቅልፌ ብነቃ ሻንጣዬን ይዤ እህቴ ጋ እሄዳለሁ፤ ክፍሉ እንደሆነ ተዘጋጅቶልኛል!» አልኩት። ሠፈሩ ሁሉ ሰማ። ባሌ የተቀደደውን ቀሚሴን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ብሎ አየኝ። አውቃለሁ አላለም።

ካፒቴኑ ኮፍያውን እየጨመቀ ሌላ ስብከት ጀመረለት። ከመነሳቱ በፊት ፕሮፔለሩን ፍታው፣ ማርሹ መውጣቱን በእጅህ አረጋግጥ፣ መጀመሪያ ውኃው ይምጣ ከዚያ ገመዱ ይሳብ፣ ቤንዚን አታብዛበት፣ አጠገቡም ሰው አይቁም፣ ሥራው ደግሞ ደጅ ነው የሚሠራው አለው። ባሌ ለእያንዳንዱ ራሱን ሲነቀንቅ አየሁት። እኔ እንደሆንኩ መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ፤ ያን ቀን ሻንጣዬንም ከቁም ሳጥኑ ላይ አውርጃት ነበር፣ እንዲያያት ብዬ።

ሐሙስ የእረፍት ቀኑ ነው። በቀጣዩ ሳምንት ከሥራ ስገባ እንደ ወትሮው በካልሲ እየተንሳፈፈ ሻይ አቀረበልኝ። ጠጥቼ ተኛሁ። ከሞት የማይለይ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ ድምፅ የሚባል ነገር አልሰማሁም፣ እንዲያው ከሩቅ እንደ ማቀዝቀዣ ያለ እምምም የሚል ነገር ብቻ። የቀሰቀሰኝ ድምፅ አልነበረም። ራሴን በመጥረቢያ የሚፈልጡኝ መሰለኝ፣ ሆዴም ተገለባበጠ። ከአልጋ ስወርድ ጉልበቴ ከዳኝ። የሌሊቱ ድካም ነው ብዬ ውኃ ልጠጣ ግድግዳ እየያዝኩ ደረጃውን ወረድኩ። በልቤ ይህ ሰውዬ ደግሞ ምን አቃጠለ እያልኩ ነበር። አየሽ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ ንቀቴ አልተለየኝም።

ከመኝታ ቤታችን ሥር የመኪና ማደሪያ አለች፤ መኪና ስለሌለን የሱ ኮተት ማከማቻ ናት። በሯን ስገፋው ከውስጥ አንድ ነገር ያዘኝ። በትከሻዬ ገፋሁት። ሳምንቱን ሙሉ ስፈልገው የሰነበትኩት ወፍራሙ ብርድ ልብስ በሩ ሥር ተጠቅጥቋል። የሶፋው ትራሶች፣ የሱ ካፖርት፣ ቤት ያለ ፎጣ ሁሉ በየስንጥቁ ተሰግስጓል። ወደ ደጅ የሚያወጣው ትልቁ በርም ተዘግቶ በአሮጌ ፍራሽ ተሸፍኗል። መሐል ላይ ሞተሩ በማቆሚያው ታስሮ ይሠራል። ባሌ የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ፣ ጭንቅላቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ አፉን ከፍቷል።

እትዬ፣ መቼም የማልረሳው ነገር ይህ ነው። ፕሮፔለሩ ተፈትቶ ጋዜጣ ላይ ተቀምጧል። ማርሹ ወጥቷል። ጆሮዎቹ እንደ ተሰፉ ሆነው ተገጥመዋል። ውኃዋም ከቀዳዳዋ ኩልል እያለች ወደ ወለሉ ፍሳሽ መውረጃ ትወርዳለች። ሰውዬው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረውን ሁሉ አንድም ሳያጓድል አድርጓል፣ ደጅ ከምትለዋ ቃል በስተቀር።

ሞተሩን አጠፋሁት። ፍራሹን ጥዬ ትልቁን በር ከፈትኩ፣ ሰውዬውንም በብብቱ ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት። ቀጭን ነው ብዬ ስስቅበት የኖርኩት ሰው ያን ቀን የድንጋይ ያህል ከበደኝ። የከንፈሩ ቀለም ልክ አልነበረም። በጥፊም መታሁት፣ በስሙም ጠራሁት፣ ሰድቤውም እንደሆነ አላውቅም። ካፒቴኑ ያለ ኮፍያው ሮጦ መጣ፤ መላጣ መሆኑን ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። አምቡላንስ የጠራው እሱ ነው። እስኪመጣ ድረስ «ደጅ ብዬው ነበር፣ ደጅ ብዬው ነበር» እያለ በረዶው ላይ ሲመላለስ፣ የዚህ ሰውዬ ጭንቀት ስለ ባሌ ይሁን ስለ ትክክለኝነቱ እንጃ አልኩ በሆዴ። በኋላ ግን ሲያለቅስ አይቼዋለሁና ይቅር ይበለኝ።

የወሰዱን እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ነው። ሁለታችንም አፍና አፍንጫችን ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደረገልን፤ እኔ ቶሎ ተሻለኝ፣ እሱ ግን ቆየ። ሐኪሟ የሞተር ጭስ ዋናው መርዙ ሽታም መልክም የለውም አለችኝ። የተዘጋ ቤት ውስጥ ሰው ድካም የያዘው እየመሰለው እንደተቀመጠ ይቀራል፣ ከላይ ፎቅ የተኛም እንዲሁ፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ሁለታችሁንም አንድ ላይ እናነሳችሁ ነበር ብላ ሳትሸፋፍን ነገረችኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩ። የተኛበት አንሶላ ጠርዙ ላይ የኛ ማጠቢያ ክፍል ምልክት አለበት፤ በዚያው ሌሊት እኔው ያጠብኩት ሳይሆን አይቀርም። እንደነቃ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። አንተ ደንቆሮ፣ አንተ ጉረኛ፣ ራስህን መግደልህ አልበቃ ብሎህ እኔን፣ እያልኩ በልቤ ስደረድር ዓይኑን ገለጠ። አየኝ። ጭንብሉን በጣቱ ከአፉ ላይ ፈቅ አድርጎ «ቀሰቀስኩሽ እንዴ?» አለኝ።

ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። በሞተሩ ድምፅ ብነቃ እሄዳለሁ ያልኩትን ይዞ ነው፣ እትዬ፣ ያን ሁሉ ብርድ ልብስ የጠቀጠቀው። ካፒቴኑ ደጅ ያለው ውኃው ቤት እንዳያበላሽ መስሎት መውረጃውን ጠርጎ፣ ባልዲ ደርድሮ፣ አለቀ ብሎ ነው። ሰው እንዴት ሚስቱ እንዳትሄድ ብሎ ሚስቱን በተኛችበት ሊገድላት ይደርሳል? ደግነቱ እንኳ የሞኝ ነው። ያ ካልሲ፣ ያ የተነቀለ ፉጨት፣ ያ ትራስ ውስጥ የሚያስነጥሰው ማስነጠስ ሁሉ ፊቴ ላይ መጣብኝ። እጄን አፌ ላይ አድርጌ እዚያው አለቀስኩ። አንቺ ሁልጊዜ ልብሽ ደንዳና ነው ትይኝ ነበር፤ ያን ቀን ብታዪኝ ቃልሽን ትመልሺው ነበር።

አሁን ቤት ገብቷል፣ ደህና ነው። አዋቂነቱም አብሮት ገብቷል። እሑድ ዕለት የሞተሩን ነገር እኔና ካፒቴኑ ጨረስነው፤ ደጅ፣ ግቢው መሐል፣ ከሁሉም በር ርቀን። ገመዱን የሳብኩት እኔ ነኝ። ጆሮዎቹን ገጥሜ፣ ውኃውን ከፍቼ፣ በሁለተኛው ስስበው ተነሳ፤ ውኃዋም ከጎኑ ኩልል አለች። ከታጠበ በኋላ የቤንዚኑን መስመር ነቀልንለት፣ በውስጡ የቀረችውን እየጨረሰ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለና በራሱ ጊዜ ጠፋ። መቼ ዝም ማለት እንዳለበት ከባሌ የተሻለ ያውቃል። የሞተሩን የታችኛ ክፍል ዘይት ስናፈሰው ወተት የመሰለ ቢሆን ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው ብሎኝ ነበር ካፒቴኑ፤ የኛው ንጹሕ ነው፣ ይህን ሁሉ ችሎ። አሁን ውኃ ሆዱ ውስጥ እንዳይቀር ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚከርመው። ይህ ሁሉ ሲሆን ባሌ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ በመስኮት እያየ መስታወቱን ያንኳኳል፣ በእጁም እንዲህ አድርጊ እንዲያ አድርጊ ይለኛል። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ «አውቃለሁ» ሲል አነበብኩት። ጆሮውን በአንደኛው የጎማ ጆሮ ልመታው ምንም አልቀረኝም።

ብርዱ ሲያልፍ ጀልባዋ ላይ ይዤሽ ካልወጣሁ እያለኝ ነው። ዋና እስክትማር ድረስ የባልዲ ውኃም አብሬህ አልሻገርም ብዬዋለሁ። ሻንጣዬን ቁም ሳጥኑ ላይ መልሻታለሁ። ካልሲውንም አውልቅ፣ እንደ ሰው ተራመድ፣ ብነቃም ልንቃ ብዬዋለሁ። እሺ ብሎ ጫማ አድርጎ ዋለ፤ እኔ ደግሞ ኮቴውን እየሰማሁ ጭልጥ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ለጋሼ የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሽልኝ፣ ሳላቸውን ችላ እንዳይሉ። እማማን ጉልበቷን ስመሽ ደህና ናቸው በያት፤ ስለ ሆስፒታሉ ትንፍሽ እንዳትይ፣ ለሷ ጉንፋን ነው። ድንቡሼን ጉንጩን ሳሚልኝ፣ የተቃጠለችውን የጎማ ቁራጭ ለመጫወቻ እልክለታለሁ። ለዚያች ለአስተማሪዋም፣ ባላውቃትም፣ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ክፍሉን ስጫት። ብርድ ነው ብላ ከሰል አስገብታ መስኮቱን ጠርቅማ እንዳትተኛ ግን አደራ ንገሪልኝ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከሐይቁ ዳር፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን